ሽኮኮ ለሊኑክስ ቤት ስትፈልግ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉትና «የላፕቶፕ በረት» በሉኝ። አላችሁ? ጎሽ። እንግዲህ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሳይቀር ምላስ በነበረው ዘመን፣ እመት ሽኮኮ የምትባል ሙዚቃ አጫዋች ነበረች። ቤቷ ቋጥኝ ሥር፣ ሥራዋ ሰርግ ቤት። ቁመቷ አጭር፣ ሆዷ ድንቡሽ ያለ፣ ጉንጮቿ ሁልጊዜ ሙሉ ነበሩ። ዘፈን ትወዳለች፤ ከዘፈኑ ይልቅ ግን ዘፈን ሰምቶ የሚፈነድቅ እንስሳ ማየት ትወዳለች። ዝሆን ትከሻውን ሲሰብቅ ያየች ዕለት ከደስታዋ ብዛት እራት መብላት ረስታ አደረች። ለሽኮኮ ደግሞ እራት መርሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ አንድ ቀን ፍየል የሽኮኮን አሮጌ ላፕቶፕ በላችባት። ቁልፎቹ የበቆሎ ፍሬ መስለዋት ለቃቅማ ጨረሰቻቸው፤ ገመዱንም እንደ ሐረግ ጎትታ ዋጠችው። ስታበቃ «ጨው ጎድሎታል» ብላ ወቀሰች።

ሽኮኮ አልቅሳ ሳታበቃ የአያ አንበሶ መልእክተኛ ቁራ መጥቶ ቋጥኟ ላይ አረፈ።

«አያ አንበሶ ልጃቸውን ይድራሉ። ሙዚቃውን የምታጫውቺው አንቺ ነሽ ተብሏል» አለ።

«እሺ፣ ደስ ይለኛል» አለች ሽኮኮ። ለአንበሳ ሌላ መልስ የለም።

«ደግሞም ተብሏል» አለ ቁራ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሙዚቃው መሃል ላይ ከቆመ ጌታው ይከፋቸዋል። ሲከፋቸው ይርባቸዋል። ሲርባቸው ደግሞ ድንቡሽ ያለ ነገር ያምራቸዋል።»

ሽኮኮ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበችው። ሆዷ ግን እምቢ አለ።

አሁን ስለ ሊኑክስ ልንገራችሁ። ሊኑክስ በረዶ አገር ተወልዶ ከሽመላዎች ጋር የመጣ፣ ደረቱ ነጭ፣ ካባው ጥቁር የሆነ ፔንግዊን ነበር። ሙያው ላፕቶፕን ከውስጥ ሆኖ ማሠራት ነው፤ አካሉ ረቂቅ ስለሆነ የትም ይገባል፤ ሽኮኮም በትንሽ ፍላሽ ውስጥ አድርጋ እንደ ማተብ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ኪራይ አይጠይቃት፣ ቀለብ አያስቆጥራት። ዘፈኖቿን በሙሉ በቃሉ ይዟል። ዘፈኑን ለማውጣት ግን ቤት ያስፈልገዋል፤ ቤቱም ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፕ የሌለው ሊኑክስ ማለት ጉሮሮ የሌለው አዝማሪ ማለት ነው።

«አይዞሽ እትዬ ሽኮኮ፣ ገበያ እንውጣ» አላት ከፍላሹ ውስጥ። «እኔ ማንንም አላስቸግርም። የምዘፍንበት ጉሮሮ፣ የሩቁን የምሰማበት ጆሮ፣ ተኝቼ የምነሳበት አልጋ ይኑረኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም። ግን ስሚኝ፤ አንዳንዱ ቤት ሦስቱም እያሉት ሠሪው ቁልፋቸውን ደብቆ እኔን በር ላይ ያስቀረኛል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ባለሱቁን ‹እንግዳዬ ለአፍታ ይግባና ይየው› በይልኝ። በጎኑ ቀዳዳ ገብቼ፣ ዞር ዞር ብዬ እወጣለሁ።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው» አለች ሽኮኮ።

ችግርማ ነበረው። የሽኮኮን ዘር የሚገድለው ንስር ይመስላችኋል፤ ይሉኝታ ነው። የባዳ ቤት ቆሎ ቆርጥሞ ባለቤቱን መጠርጠር ለሽኮኮዎች ከጅብ ጋር አንድ አልጋ ላይ ከማደር ይከብዳቸዋል።

ገበያ ላይ ላፕቶፕ የሚሸጠው አያ ቀበሮ ነበር። ሽኮኮን ከሩቅ እንዳያት ብድግ አለ።

«እንዴት ዋልሽ እመት ሽኮኮ፣ ግቢ እንጂ፣ ግቢ። መጀመሪያ ቆሎ ቅመሺ፤ ሥራ ይደርሳል።»

ሽኮኮ ቆሎ ቀመሰች። ዘገነች፣ ደገመች። ቀበሮም ብርማ ቀለም ያለው፣ እንደ ቅጠል የሳሳ ላፕቶፕ አወጣላት። ስሙ ሸንቃጤ ይባላል።

«ክብደቴን እዪልኝ» አለ ሸንቃጤ እየተሽኮረመመ። «የለሁም ማለት ይቻላል። ወገቤንስ አየሽው?»

«አየሁት» አለች ሽኮኮ አፏ በቆሎ እንደተሞላ። እንዲህ ያለ ወገብ በዘመዶቿ መካከል ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ሊኑክስ ከአንገቷ ላይ «ጠይቂው» አላት።

ሽኮኮ ቆሎውን ዋጥ አደረገች። «አያ ቀበሮ፣ እንግዲህ... ማለቴ...»

ቀበሮ ሌላ ጭብጥ ቆሎ ጨመረላት። «ምን ልትዪ ነበር እመቤቴ?»

«ቆሎው ጥሩ ነው ልል ነው» አለች ሽኮኮ። ከዚያም በቅል የያዘችውን የቋጥኝ ማር ሰጥታ፣ ሸንቃጤን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ሲደርሱ ሊኑክስ በጎን ቀዳዳው ገባ። ዞር ዞር አለ። ወጣ።

«ጉሮሮ አለው» አለ። «ግን ተቆልፏል። ቁልፉን ሠሪው ይዞት ሄዷል። አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፣ የሚመልስ የለም። ጆሮውም እንደዚያው ነው።»

«ሸንቃጤ፣ ሆድህን ልክፈትና ልየው» ብላ ሽኮኮ ካቻቢቴ አነሳች።

ሸንቃጤ በእፍረት ቀላ። «ነውር ነው። እኔ ብሎን የለኝም፤ ከእግሬ እስከ ራሴ በሙጫ የተጣበቅሁ ጨዋ ነኝ። የሚከፍተኝ አልተፈጠረም። የከፈተኝም መልሶ አይዘጋኝም።» ይህን ብሎ በኩራት ዞር ሲል የገዛ ክዳኑ አመዘነበትና ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ወደቀ። ድንጋዩ ከሽኮኮ ጉልበት በታች ነበር፤ ሸንቃጤ ግን ለሁለት ተከፈለ።

ሊኑክስ ጎንበስ ብሎ አየውና «አሁን ተከፈተ» አለ።

በማግስቱ ሽኮኮ ሌላ ቅል ማር ይዛ ተመለሰች። መንገድ ላይ ለሊኑክስ ምላለታለች። «ዛሬ ባልጠይቅ የአባቴ ቋጥኝ ይናድብኝ» ብላለች።

ቀበሮ የዛሬ ግብዣው ብርዝ ነበር። «ሸንቃጤ ሞተ? ነፍሱን ይማረው። ለቅሶውን በብርዝ እናውጣለት» አለና ቀዳላት። ከዚያም ደረተ ሰፊ፣ ከቁልፎቹ ሥር ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚተፋ፣ ሲተነፍስ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ላፕቶፕ አወጣ። ስሙ ነበልባል ነው።

«እኔ ስነሳ ምድር አብራኝ ትነሳለች» አለ ነበልባል። «እኔን የሚመስል የለም። ለእናቴ አንድ ነኝ።»

«ጠይቂው» አለ ሊኑክስ።

«አያ ቀበሮ፣ ይሄ እንግዳዬ ለአፍታ...» ብላ ሽኮኮ ጀመረች።

ቀበሮ የብርዙን ብርሌ መሬት አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቀበሮ እንባ ሲፈልግ አያጣም። «ጠረጠርሽኝ?» አለ። «ብርዜን እየጠጣሽ?»

«ኧረ በጭራሽ፤ ለአፍታ ይረፍ ልል ነው» አለች ሽኮኮ በጥድፊያ። ማሩን አስረከበች፣ ነበልባልን ተሸከመች፣ አባቷንም ይቅርታ ጠየቀች።

ቤት ሲደርሱ ሊኑክስ ገባ፣ ዞር ዞር አለ፣ እየሳቀ ወጣ። «ይሄስ ይዘፍናል» አለ።

ነበልባል ዘፈነ። ቋጥኙ ተንቀጠቀጠ። ሽኮኮ ዘለለች፣ ልጆቿ ዘለሉ፣ ከድንጋዩ ሥር የሚኖረው ጊንጥ ሳይቀር ጅራቱን በምቱ ልክ ወዘወዘ። ሽኮኮ ደስታው አናቷ ላይ ወጥቶ «ዳንሁ፣ ዳንሁ» እያለች ቤቷን ሦስት ጊዜ ዞረች።

«አልጋው ቀረ እኮ» አላት ሊኑክስ።

ክዳኑን ዘጉት፤ ነበልባል ተኛ። ክዳኑን ከፈቱት፤ ነበልባል እንደተኛ ነው። ጠሩት፣ ነቀነቁት፣ ጆሮው ሥር አፏጩለት። በመከራ አንድ ዓይኑን ገለጠና «እናንተ እነማን ናችሁ? እኔስ ማን ነኝ?» አለ። ዘፈኑን ረስቷል፣ ሊኑክስን ረስቷል፣ ምድርን እንደሚያስነሳም ረስቷል። እንዲህ እያደናገረው ሆዱ ይግል ጀመር። የሽኮኮ ልጆች አጋጣሚውን አላሳለፉትም፤ በቆሎ ጠበሱበት።

«ስማ ነበልባል፣ መለዋወጫ የሚያውስህ ዘመድ የለህም?» አለ ሊኑክስ።

«ነግሬያችኋለሁ፣ ለእናቴ አንድ ነኝ» አለ ነበልባል። ከሆዱ ጭስ ወጣ፤ የመጨረሻ ቃሉም ይኸው ሆነ።

ሰርጉ ነገ ነው። ሽኮኮ ከጭሱ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ። እኔ ግን መጠርጠር አቅቶኝ አይደለም፤ መጠየቅ ነው ያቃተኝ። ነገ አያ አንበሶ ይበላኛል፤ ያኔም ‹ይጣፍጥዎት› ማለቴ አይቀርም።»

ሊኑክስ አዘነላት። ከዚያም አንድ ነገር ጠየቃት። «እትዬ፣ ልጅሽን ስትድሪ ስለ ሙሽራው የምትጠይቂው ምንድን ነው?»

«ዘሩን ነዋ፣ ወገኑን። ቢወድቅ የሚያነሳው ማን እንደሆነ።»

«መልኩንስ?»

«መልኩንማ ልጅቷ ታየዋለች።»

«ታዲያ ለእኔ ቤት ስትፈልጊ ለምን ወገብና መብራት ብቻ ታያለሽ?»

ሽኮኮ ማልቀሷን አቆመች። ሌላም ነገር ትዝ አላት። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፤ የዚያን ቤት እህልም አይቀምስም። ቆሞ ይጠይቃል፣ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን በማድረጉም ማንም አይቀየመውም፤ ወጉ ነዋ።

ገበያው ሳይበተን ከጎረቤት ጋቢ ተዋሰች። ከዘራና የቀረቻትን አንድ ቅል ማር ያዘች። ጋቢው መሬት ለመሬት እየተጎተተ፣ ከዘራው ከራሷ በላይ እየረዘመ፣ የቀበሮ ሱቅ በር ላይ ሄዳ ቆመች። ሴት ሽማግሌ ታይቶ አይታወቅም፤ ሽኮኮ ሽማግሌማ ጭራሽ። ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበባት።

«ግቢ እንጂ እመት ሽኮኮ» አለ ቀበሮ። «አሁን ደግሞ ጭኮ አለ፤ ቅቤው ይንሳፈፋል።»

የሽኮኮ አፍንጫ ተንቀጠቀጠ። እግሯ ግን አልተነቃነቀም። «ለሽምግልና ነው የመጣሁት። ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም፣ አልቀምስምም» አለች።

ቀበሮ ደነገጠ። «ለማን ነው ሽምግልናው?»

«ለሊኑክስ። ቤት የሚሆነውን ታቀርባለህ፤ እሱ ገብቶ ያያል፤ እኔ ወገኑን እጠይቃለሁ።»

ምን ይበል? ሽማግሌ አይባረርም። አንድ የሚያብረቀርቅ አወጣ፤ ሊኑክስ ገባ፣ ወጣ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከእሱ የሚብስ የሚያብረቀርቅ አወጣ፤ ሊኑክስ ገባ፣ ወጣ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛውን ሊያወጣ ሲንጠራራ፣ ከተቀመጠበት ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ «ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥዎት፣ ይነሱልኝ» አለ። «እኔም እኮ ለአቅመ ጋብቻ ደርሻለሁ።»

ቀበሮ ወንበር አድርጎ የኖረበት ነገር ላፕቶፕ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አራት ማዕዘን፤ ጫፎቹ የተፋፋቁ፣ ጀርባው ላይ የቀበሮ ፀጉር የበዛበት። ዝናብ መትቶታል፣ አህያም በእንቅልፍ ልቧ ረግጣዋለች። ስሙ ደንዳናው ነው።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ ክፈተው» አለች ሽኮኮ። ቀበሮ እያጉረመረመ ክዳኑን ከፈተ። ሊኑክስ ገባ። ዞር ዞር አለ። አልወጣም።

«ጉሮሮ አለው?» አለች ሽኮኮ።

«አለው» አለ ሊኑክስ ከውስጥ፣ አንድ ስንኝም አዜመላት።

«ጆሮስ?»

«የአያ አንበሶ ሆድ ሲጮህ እስከዚህ ይሰማኛል።»

«አልጋስ?»

ክዳኑን ዘጉት፤ ተኛ። ከፈቱት፤ «ምነው፣ ስንኙን ሳልጨርሰው» ብሎ ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለ። ገበያተኛው አጨበጨበ።

ሽኮኮ ከዘራዋን መሬት ላይ ተከለችና ደንዳናውን ፊት ለፊት አየችው። «አሁን የራሴን ጥያቄ ልጠይቅ። ወገንህ ማን ነው? ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?»

«ከአንድ መሥሪያ ቤት አብረን ጡረታ የወጣን ብዙ ወንድማማች ነን» አለ ደንዳናው። «አንዱ የኔታ ኤሊ ዘንድ ፊደል ያስቆጥራል፤ የኔታም በሄዱበት አይለዩትም። ሌላው ከሐኪሟ ጉሬዛ ጋር ይሠራል፤ ሌላው የጃርት ወፍጮ ቤት ነው። ብሎናችን አንድ፣ ባትሪያችን አንድ፣ ቁልፋችን አንድ ነው። እድር አለን፤ የአንዳችን ጥርስ ቢወልቅ ሌላችን እናውሰዋለን። የሠሩን ባለሙያዎችም የትኛው አጥንታችን የት እንዳለ ከማንም አልደበቁም።»

ሽኮኮ ልቧ ዘለለ፤ ሽማግሌ ግን አይቸኩልምና «መልክህ ግን ትንሽ...» አለች።

«መልኬንማ አያ ቀበሮ ተቀመጡበት» አለ ደንዳናው።

«ወንበሬን አልሰጥም» አለ ቀበሮ። ማንም ሳይጠይቀው የኖረው ወንበር ስለተፈለገ ብቻ ዓይኑ ውስጥ ወርቅ ሆኖበታል።

ሽኮኮ ከዘራዋን ተደግፋ ቆመች። ገበያተኛው ቀበሮን አየው። አህያ «ሽማግሌ ሊመልስ ነው እንዴ?» አለች። ሰጎን አንገቷን እስከ ሱቁ ጣሪያ ዘርግታ «እሱ ደግሞ ምን ነካው?» አለች። ቀበሮ ተቁለጨለጨ። ያን ጊዜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሉኝታ ያዘው፤ ልምዱ ስለሌለውም ክፉኛ አንገላታው።

«ውሰጂው፣ ውሰጂው፣ ማሩን ብቻ አስቀምጪ» አለ።

ሽኮኮ ማሩን አስቀመጠች፣ ሽምግልናዋን ጨረሰች፣ ከዚያ ተቀምጣ ጭኮውን እስከ ሳህኑ ድረስ ጠረገችው።

የሰርጉ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ደንዳናው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ሊኑክስ ከውስጡ ዘፈነ። የሜዳ አህያ ከቀጭኔ ጋር ተያይዛ ወደ ጭፈራው ወረደች፤ ዝሆን ትከሻውን ሰበቀ፤ ጉማሬ ወገቧን ፈልጋ ብታጣውም ጨፈረች። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሰርገኛው አልተገረመም፤ መብራት ሁሌም ይሄዳል። ደንዳናው በባትሪው ቀጠለ።

ከዚያ አያ ጅቦ ጠግቦ ለጭፈራ ተነሳ። የኋላ እግሩ አጭር ነው፣ ጠላውም በዝቷል፤ ሲሽከረከር ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ደንዳናው መሬት ወረደ። ሙሉ ማሰሮ ጠላ ተከተለው። ጠላው በቁልፎቹ መሃል ገብቶ ከሆዱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ወጥቶ ፈሰሰ። ሠሪዎቹ ይህንንም አስበውለት ኖሯል። ደንዳናው ትንሽ ሞቅ አለውና ዘፈኑን ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

ባትሪው ግን ግማሹ ከሆዱ ወጥቶ ነበር። ዝሆን ትከሻውን እየሰበቀ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ባትሪው ቋ ብሎ ተሰበረ። ሙዚቃው ቆመ።

አያ አንበሶ ከዙፋናቸው ተነሱ። «ከፋኝ» አሉ።

በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ በሙሽራዋ ፊት፣ መጮህ ነውር ነው። ሽኮኮ ዓይኗን ጨፈነችና ነውሩን ዋጠችው። «የደንዳናው እድርተኞች የት አላችሁ? ባትሪ አውሱን» ብላ ጮኸች።

«እኔ ዘንድ አለ ልጄ» አሉ ከድንኳኑ ማዶ የኔታ ኤሊ። ከያዙት ላፕቶፕ ባትሪውን ነቀሉ። ተነሱ። አንድ እግራቸውን አነሱ። አሰቡ። አስቀመጡት።

«ራበኝ» አሉ አያ አንበሶ፣ ወደ ሽኮኮ እየመጡ።

የኔታ ሁለተኛውን እግራቸውን አነሱ።

ሐኪሟ ጉሬዛ ይህን ማየት አልቻለችም። ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተወርውራ ባትሪውን ከየኔታ እጅ መንትፋ ለጃርት ወረወረችለት። ጃርት ተቀበለና በጠረጴዛዎቹ ሥር እየተሹለከለከ ሮጠ፤ ያገኘውን እግር ሁሉ እየወጋ አለፈ፤ እንግዳው ሁሉ እየዘለለ መንገድ ለቀቀለት።

«አማረኝ» አሉ አያ አንበሶ። አፋቸውን ከፈቱ። ሽኮኮ የአንበሳውን ጉሮሮ እስከ ታች አየችው። ባትሪው እጇ ገባ። አስገባችው። ቀጭ አለ።

ሊኑክስ ዓይኑን ገለጠ፤ አንበሳውን አየ፤ ሰላምታም ሳይሰጥ ቀጥታ የሰርጉን ዘፈን ከአዝማቹ ጀመረ። አያ አንበሶ አፋቸውን ከፍተው ነበርና፣ የተከፈተ አፍ ደግሞ አዝማች ሲሰማ መቀበል ልማዱ ነውና፣ «አሆ» የሚል ድምፅ አመለጣቸው። ሰርገኛው «አሆ» ብሎ መለሰ። አንበሳው ደነገጡ፤ ሁሉም እያያቸው ነው። ደገሙት። ሙሽራዋ ከደስታዋ የተነሳ አለቀሰች፤ አባቷ ሲዘፍኑ ሰምታ አታውቅም ነበር። አብሮ የዘፈኑትን መብላት ደግሞ በየትኛውም አገር ነውር ነው፤ አያ አንበሶን እንኳ ይሉኝታ ያዛቸው። አፋቸውን ገጠሙና ድፎ ዳቦ ቆርሰው መጀመሪያ ለሽኮኮ አጎረሷት።

ሽኮኮም ጎረሰች፤ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ ጉንጯን ሞልታ። የዚያን ዕለት ድንቡሽ ያለ ሆዷን ወደ ውስጥ አልሳበችውም።

እንግዲህ ተረቱን እኔ አወጣሁ፣ ዳቦውን እናንተ አውጡ። በይሉኝታ የገዙትን በእንባ ይሸኙታል፤ ወገኑን ጠይቀው ያመጡት ግን ከአንበሳ አፍ ያስጥላል።